ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ

(ስለ ነባር ሕዝቦች ባህልና ስለ ልማት፣ በናይሮቢ በተደረገ የስደተኛ መምህራንና የማኅበረሰብ ተጠሪዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣
የተከበራችሁ እህቶችና ወንድሞች፣
በካምፕ ሆናችሁ ይህን በጽሑፍ የምታነቡ ወገኖቻችን ሁሉ፣

እኛ መምህራን በዚህ መድረክ ሐሳባችንን እንድናካፍል ስለተጋበዝን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። የተሰጠን ርዕስ ነባር ሕዝቦችን ባህላቸውን በማይነቅል ልማት ስለመርዳት የሚል ነው። ርዕሱ ሲሰጠን አንዳንዶቻችን «ይህ የባለሥልጣንና የፕሮጀክት ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኛ የራሳችን ችግር መች አነሰን?» ብለን ነበር። ነገሩን ስናስበው ግን ከማንም ይልቅ እኛን የሚመለከት ሆኖ አገኘነው።

በቆምንበት ከተማ ስም እንጀምር። ናይሮቢ የሚለው ስም «ኤንካሬ ናይሮቢ» ከሚለው የማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ቀዝቃዛ ውኃ ማለት ነው። ማሳዮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት ስፍራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲዱ እዚህ ደረሰና ከተማ ተቆረቆረ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1911 ከቅኝ ገዢው መንግሥት ጋር በተደረጉ ስምምነቶች ማሳዮች ደህና ደህናውን የግጦሽ መሬት እየለቀቁ ወደ ተከለለላቸው ቦታ ሄዱ። ስምምነት ተባለ እንጂ አንደኛው ወገን ጠመንጃና ማኅተም፣ ሌላው ከብትና ልጆች ይዞ የተፈራረመው ነው። ከተማው ስሙን ከእነርሱ ወሰደ፤ ውኃው ግን ከእጃቸው ወጣ።

አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። በልማት ስም የሚደርስ በደል ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከክፋት አይደለም፤ ከንቀት ነው። «እነዚህ ሰዎች አያውቁም፣ እኛ እናውቅላቸዋለን» ከማለት ነው። ዛሬ ጥቂት ምሳሌዎችን እናነሣለን። ከሩቅ አገር ሳይሆን ሁላችንም ከምናውቀው ከቱርካና እንጀምር።

ወገኖቻችን፣

የቱርካና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ላይ ካሎኮል የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ መንግሥት ዕርዳታ የዓሣ ማቀዝቀዣ ፋብሪካ ተሠራባት። አሳቡ በጎ ነበር። ቱርካናዎች በድርቅ ከብታቸውን እያጡ ስለነበር ዓሣ አጥምደው እየሸጡ ይኑሩ፣ ዓሣውም ቀዝቅዞ ወደ ሩቅ ገበያ ይሂድ የሚል ነበር። ፋብሪካው አለቀ፤ ሥራም ጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በዚያ ሐሩር አገር ዓሣ ለማቀዝቀዝ የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክና የንጹሕ ውኃ ወጪ ከዓሣው ዋጋ በላይ ሆነ። ቆየት ብሎም ብዙ ዓሣ ይወጣበት የነበረው የፈርጉሰን ሰርጥ ሐይቁ ሲጎድል ደረቀ። ከብት ማርባቱን ትቶ ወደ ዳርቻው የተሰበሰበው ሰው ከዓሣውም ከፍየሉም ሳይሆን ቀረ።

በቦታው ሽማግሌ ተጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሁለት ነገር ይነገር ነበር። አንደኛው፣ ሐይቁ ይሸሻል፣ ይመለሳልም፤ ይህን የዳርቻው ሰው ከአያቱ ሰምቷል። ሁለተኛው፣ ዓሣን በፀሐይ አድርቆ መሸጥ የቆየ ሙያ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ በቱርካና ክፍያ አይጠየቅባትም። ፋብሪካው ከተዘጋ በኋላም የደረቅ ዓሣ ንግድ ቀጥሏል። ስለዚህ ከመጀመሪያው መረዳት የነበረበት እዚያው ያለው ሙያ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ሁላችሁም በደጃችሁ የምታውቁት እሾኻም ዛፍ ነው። በኬንያ ማቴንጌ ይሉታል፤ በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በረሃማነትን ይገታል፣ ማገዶ ይሆናል ተብሎ በባሪንጎና በቱርካና ተተከለ። ማገዶ መሆኑስ እውነት ነው፤ በካምፕም አጥርና ከሰል ሆኖልናል። ነገር ግን ዛፉ በተተከለበት አልቆመም። የወንዙን ዳርቻ ያዘ፣ ግጦሹን ዋጠ፣ መንገዱን ዘጋ። ፍሬው ጣፋጭ በመሆኑ ፍየሎች ሳይጠግቡ ይበሉታል፤ ስኳሩ ግን ጥርሳቸውን ያበላሸዋል። ጥርስ የሌላት ፍየል ሣር በሞላበት አገር በረሃብ ትሞታለች።

የባሪንጎ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እዚህ ናይሮቢ ድረስ መጥተው መንግሥትን ከሰሱ። ማስረጃ ሲጠየቁም ጥርሷ የረገፈ ፍየል ይዘው ቀረቡ። ብዙ ሰው በጊዜው ስቋል። እኛ ግን ከዚያች ፍየል የበለጠ የፕሮጀክት ግምገማ አናውቅም። ይኸው ዛፍ በአገራችን በአፋር ሰፊ የግጦሽ መሬት ይዞ አርብቶ አደሩን ምን እንዳደረገው ከዚያ የመጣችሁ ወገኖቻችን ከእኛ ይልቅ ትናገራላችሁ።

ከዚህም የሚከፋ አለ። አንዳንድ ጊዜ ልማቱ ለነባሩ ሕዝብ ሳይስማማ ይቀራል ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡን ጭራሹኑ ያስነሣዋል። የኤንዶሮይስ ሕዝብ በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ይኖር ነበር። ከብቱ የሚልሰው ጨው፣ የሚግጠው ሣር፣ ሕዝቡም የሚጸልይበት ስፍራ እዚያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ቦታው የዱር አራዊት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሕዝቡ ተነሣ። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ውሳኔው የመሬት፣ የሃይማኖት፣ የባህልና የልማት መብታቸው ተጥሷል አለ። ልማት ማለት ሕዝቡ ራሱ ተሳትፎ የሚመርጠውና የሚጠቀምበት እንጂ በላዩ ላይ የሚወርድ አለመሆኑን ኮሚሽኑ በዚያ ውሳኔ አስረግጧል።

በማው ደን ውስጥ ማር እየቆረጡና እያደኑ የኖሩት ኦጌኮችም እንዲሁ በአሩሻ ወደሚገኘው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ግንቦት 26 ቀን 2017 ፈረደላቸው፤ ለደኑ መመናመን ምክንያት እነርሱ ናቸው መባሉንም አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደግሞ 157.85 ሚሊዮን ሽልንግ ካሣ እንዲከፈላቸውና መሬታቸው በጋራ ስማቸው እንዲመዘገብ አዘዘ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ከደኑ እንደገና ሰው ተፈናቀለ። ፍርድ በወረቀት ላይ መውጣትና በመሬት ላይ መድረስ የተለያዩ መሆናቸውን እኛ ስደተኞች ወረቀት ስንጠብቅ የኖርን ስለሆንን ማንም አያስተምረንም።

በሐይቁ ምሥራቅ በማርሳቢት ክልል በሎይያንጋላኒ አካባቢ 365 የነፋስ ኃይል ማማዎች ተተክለዋል። 310 ሜጋ ዋት ያመነጫሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ተመረቁ። ከነፋስ የሚገኝ ኃይል ጢስ የለውም፣ ደንም አያስቆርጥም፣ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ለፕሮጀክቱ የተሰጠው 150 ሺ ኤከር የከብት አርቢዎች የጋራ መሬት ነበር። በሜሩ ያስቻለው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 የመሬቱ ይዞታ የተሰጠበት መንገድ ሕጉን የተከተለ አይደለም ሲል ወሰነ። እንግዲህ ነገሩ ንጹሕ ቢሆንም እንኳ አገባቡ ንጹሕ ካልሆነ ጠብ ይወልዳል።

ወገኖቻችን፣

ይህን ሁሉ ስንናገር የኬንያን ጉድ ለመዘርዘር አይደለም። ያስጠለለንን አገር እየወቀስን የራሳችንን ብንሸፍን እግዚአብሔርም ሰውም ይታዘበናል። በአዋሽ ሸለቆ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተንዳሆና የሌሎችም የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ አፋሮች በበጋ ከብታቸውን የሚያውሉበት የወንዝ ዳር ሣር ተወሰደባቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 እና 1973 ድርቅ ሲመጣ መሸሻ ያጣው ከብት አለቀ፤ ሰውም አለቀ። ድርቁን ሰማይ አመጣው፤ መሸሻውን የዘጋው ግን ሰው ነው።

ኦሞንም አንርሳ። የቱርካና ሐይቅ ከሚያገኘው ውኃ ከ80 ከመቶ በላይ የሆነው ከአገራችን የሚፈሰው የኦሞ ወንዝ ነው። 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የታቀደው ግልገል ጊቤ ሦስት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ተመረቀ። ለአገራችን መብራት አስፈላጊ መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ሙርሲዎች፣ ካሮዎች፣ ኛንጋቶሞችና ዳሰነቾች ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። የወንዙ ሙላት በግድብ ሲገታ ያ እርሻ ተጎዳ። በሐይቁ ውስጥና በዳርቻው ያሉት የኬንያ ብሔራዊ ፓርኮችም እ.ኤ.አ. በ2018 በዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብተዋል። ስለዚህ አንድ የቱርካና ዓሣ አጥማጅ «ከእናንተ አገር የሚመጣው ውኃ» ብሎ ሲጀምረን ልንቆጣ አይገባንም። ቁጭ ብለን ልንሰማው ይገባል።

በጎውንም እንናገር፤ አገራችን በዚህ ረገድ የምታስተምረው አላትና። በሰሜን ሸዋ በመንዝ የጓሳ ሣር የሚበቅልበት 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ አለ። ሕዝቡ ይህን መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። አለቆች ይመረጣሉ፣ ሰው በየተራው ይጠብቃል፣ ቦታው ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል። የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን የአካባቢው ሕዝብ በመተዳደሪያ ደንብ ተደራጅቶ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ። ዛሬ ጓሳ የሕዝብ ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ኮንሶዎችም ድንጋይ ደርድረው የሠሩት እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አፈር እንዴት እንደሚያዝ ለኮንሶ ሰው ያስተማረው ባለሙያ የለም፤ ባለሙያው ከእርሱ ይማራል እንጂ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የካኩማ ካምፕ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲቋቋም፣ የካሎቤዬ ሠፈርም እ.ኤ.አ. በ2016 ሲከፈት መሬቱ የቱርካናዎች ነበር፤ አሁንም ነው። ዛሬ በሁለቱ ስፍራዎች የምንኖረው ስደተኞች ከ300 ሺ በላይ ነን። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ቆጠራ የቱርካና ክልል ጠቅላላ ሕዝብ ከ920 ሺ ብዙም የማይበልጥ ነበር። እንግዲህ እኛ ትንሽ እንግዳ አይደለንም። ከባለቤቱ ቤት ውስጥ አንዱን ክፍል የያዝን እንግዶች ነን።

ስለ ራሳችን ጥፋት አንድ ነገር እንናገር። በክፍል ውስጥ የሂሳብ ጥያቄ ጻፍን፤ «አንድ ሰው 40 ፍየሎች ነበሩት፣ 15ቱን ሸጠ፣ ስንት ቀሩት?» የሚል። ከቱርካና የመጣ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «ለምን ሸጠ? ድርቅ ነው ወይስ ሰላም ነው? የሸጠው እንስቶቹን ነው ወይስ ወንዶቹን?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ ልጁ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን እጁን አላወጣም። ዘግይተን ነው የገባን። ወንዶቹን ከሸጠ በሚቀጥለው ዓመት ፍየሎቹ ተመልሰው 40 ይሆናሉ፤ እንስቶቹን ከሸጠ ግን ቤቱ አለቀ። ልጁ ከእኛ የጠለቀ ሂሳብ ይዞ ነበር። እኛ ደግሞ በአንድ ሳቅ የዓሣ ፋብሪካውን ሠሪዎች ሆንን።

የማገዶውም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ከካምፕ ወጥቶ እንጨት መቁረጥ እንደሚያጣላ ሁላችንም እናውቃለን፤ የተደበደበም፣ የተጎዳም አለ። ብዙዎቻችን «የበረሃ ዛፍ የማን ነው?» እንላለን። የማን እንደሆነ የቱርካና ሰው ያውቃል። በቱርካና ባህል ኤክዋር የሚባል ሥርዓት አለ። በወንዝ ዳር ያሉ ዛፎች፣ በተለይ ግራሮቹ፣ በየቤተሰቡ የተያዙ ናቸው። ሣር በጠፋ ጊዜ ፍየል የምትተርፈው ከግራሩ በሚረግፈው ፍሬ ነው። አጥር የለውም፣ ካርታ የለውም፣ ባለቤት ግን አለው። እንግዲህ አንድ እንግዳ ያን ግራር ሲቆርጥ የቆረጠው ማገዶ ሳይሆን የሌላውን ልጅ የበጋ ወተት ነው።

በአንጻሩ የሚያስተሳስረን ነገርም አለ። የቱርካና እናቶች ከሰልና እንጨት ተሸክመው ይመጣሉ፤ እኛ ዱቄት ወይም ገንዘብ እንሰጣለን። የእኛ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ለእነርሱም ገበያ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የዕርዳታው እህል እጅግ ሲቀነስ የተራብነው እኛ ብቻ አልነበርንም፤ በእኛ ዱቄት ልጆቿን የምታበላው ቱርካናዊትም ተርባለች። ይህን ካየን በኋላ «የእነርሱ ችግር» እና «የእኛ ችግር» ብለን ልንከፍለው አንችልም።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ይፋ ያደረገው የሺሪካ ዕቅድ ካምፖቹን ስደተኛውና ነዋሪው አብረው ወደሚኖሩባቸው ሠፈሮች ለመለወጥ ያለመ ነው። ለእኛ ከዓመታት ጥበቃ በኋላ የሥራና የመኖር ተስፋ ነው፤ እንመኘዋለን። ነገር ግን ከተማ የሚሠራው በመሬት ላይ ነው። የእኛ ተስፋ የቱርካናን ሰው ሳይጠይቅ ከተገነባ ነገ የሚነሣው ጠብ በእኛና በልጆቻችን ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. የ2016 የኬንያ የጋራ መሬት ሕግ እንደሚለው በጋራ መሬት ላይ የሚደረግ የኢንቨስትመንት ውል የማኅበረሰቡን ለአካለ መጠን የደረሱ አባላት የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይፈልጋል። ይህ ሕግ ተጋባዡንም ይጠብቃል፤ በፈቃድ የገባ እንግዳ በሌሊት አይባረርምና።

ስለዚህ በአቅማችን ልናደርጋቸው የምንችላቸውን አራት ነገሮች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በየብሎኩ ያላችሁ ተጠሪዎች ማናቸውም ድርጅት አዲስ ሥራ ይዞ ሲመጣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። የቱርካና ሽማግሌዎችና ሴቶች ተጠይቀዋል ወይ? ቦታው ቀድሞ ለምን ያገለግል ነበር? ድርጅቱ ሲሄድ ሥራውን ማን ይዞት ይቀጥላል? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፕሮጀክት ለእኛም አይበጅም።

ሁለተኛ፣ በማገዶና በውኃ ነገር ጠብ ከመነሣቱ በፊት ሽምግልና ይቁም። እኛ ሽማግሌ ልኮ መታረቅን እናውቃለን። እነርሱም ሽማግሌዎቻቸው ዛፍ ሥር ተሰብስበው ነገር ይቆርጣሉ። ሁለቱ ባህሎች ተርጓሚ ብቻ ነው የሚጎድላቸው፤ ተርጓሚ ደግሞ በየክፍላችን ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች አሉልን።

ሦስተኛ፣ እኛ መምህራን የቱርካና አዛውንቶችን ወደ ክፍል እንጋብዝ። ስለ ከብት፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ድርቅ ምልክት ያስተምሩ። የስደተኛው ልጅ ይማራል፤ የቱርካናው ልጅ ደግሞ አባቱ በትምህርት ቤት እንደ ሊቅ ሲከበር ያያል። የዚያ ልጅ እጅ እንደገና እንዲወጣ እንፈልጋለን።

አራተኛ፣ የራሳችንን ባህል አንጣል። ዕቁባችንና እድራችን በስደት አኑረውናል። ከማንም ፕሮጀክት አልመጡም፤ ይዘናቸው መጣን፣ በካምፕም በቀሉ። በራሳችን ላይ ካየነው ዘንድ ሌላውም ሕዝብ በራሱ ሥርዓት መቆም እንደሚችል ለማመን ለምን ያስቸግረናል? ጎረቤቶቻችንን ሐዘን ሲደርስባቸው በእድራችን እንድረስላቸው፤ በደስታቸውም እንገኝ።

የተከበራችሁ ወገኖቻችን፣

ከአገር የወጣ ሰው ቦታውን ማጣት ምን እንደሆነ ያውቃል። ሳይጠየቅ ስለ እርሱ መወሰኑን፣ ስሙ በዝርዝር ውስጥ መነበቡን፣ «ለአንተ ይጠቅምሃል» መባሉን ያውቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው በሌላው ላይ ማድረግ አይገባውም። አንድ ቀን አገራችን ስንገባም ይህን ይዘን እንግባ፤ በአፋርም፣ በኦሞም፣ በመንዝም ሥራ ላይ የምንሰማራ ከሆነ መጀመሪያ ቁጭ ብለን እንጠይቅ። እስከዚያው ድረስ ግን መጠየቁን በካኩማ በጎረቤታችን ደጃፍ እንለማመድ።